አፍንጫዬ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ

ጁባ ላይ ጉንፋን ያዘኝ ባልኩ ጊዜ የሰማኝ ሁሉ ሳቀብኝ። እውነታቸውን ነው። ፀሐዩ ገና በጠዋት ቆርቆሮ በሚያንጣጣበት፣ ላብ ከግንባር ተነስቶ ካልሲ ውስጥ በሚያድርበት ከተማ ሰው በወባ ይታመማል፣ በታይፎይድ ይታመማል፣ በናፍቆትም ይታመማል፤ በብርድ ግን ምን ቆርጦት ይታመማል? እኔ ግን ታመምኩ። ተፈጥሮዬ እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት ለቅሶ ቤት ሆዴ የሚጮህ፣ ሰው ሁሉ በሚያልበው አገር የማስነጥስ ሰው ነኝ።

ያን ጊዜ፣ አገሩ ገና ራሱን ችሎ ሳይወጣ፣ ጀበል ሰፈር ከተራራው ግርጌ እትዬ አስካለ በከፈቱት ሆቴል የጄነሬተር ሠራተኛ ነበርኩ። ሆቴል ስላችሁ ፎቅ እንዳይታያችሁ። የተደረደሩ ኮንቴይነሮች፣ አንድ ሰፊ የሣር ዳስ፣ የፕላስቲክ ወንበሮችና የእትዬ አስካለ ዓይን የማይለያቸው ትልልቅ ፍሪዘሮች ናቸው። በከተማው መብራት ማለት ጄነሬተር ነው፤ በሆቴሉ ደግሞ ጄነሬተር ማለት እኔ ነኝ። ጄነሬተሩ ከቆመ ቢራው ይሞቃል፤ ቢራው ከሞቀ እንግዳው ይሄዳል፤ እንግዳው ከሄደ እትዬ አስካለ ወደ እኔ ይመጣሉ። እሳቸው ሲመጡ ደግሞ እኔ የምሄድበት የለኝም።

ይህ ሥራ በጆሮና በአፍንጫ የሚሠራ ነው። ጆሮ ሞተሩ ሲያስል ይሰማል፤ አፍንጫ ደግሞ ከማሳሉ በፊት ያውቃል። ዘይት ሲያር፣ ሽቦ ሲግል፣ ናፍጣ በጠብታ ሲያፈስ ከዳሱ ማዶ ተቀምጬ እነግራችሁ ነበር። በዚህ ትንሽ እኮራለሁ። ሌላ የምኮራበት ነገር ስላልነበረኝ አፍንጫዬን አብዝቼ አኮራሁት መሰለኝ፤ ጥጋቡ ነው መሰለኝ ጥሎኝ የሄደው።

ጉንፋኑ ሳምንት ያህል አስነጠሰኝ። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ደሜ ታየ፣ ወባ የለም ተባልኩ፤ ከዚያ የወባ መድኃኒት ተሰጠኝ። ለምን ብዬ ብጠይቅ ለጥንቃቄ ነው አሉኝ። እትዬ አስካለ በበኩላቸው የአገራችን ባሕር ዛፍ እዚህ ስለማይገኝ የኒም ቅጠል አስቀቅለው ታጠን አሉኝ። ብርድ ልብስ ተከናንቤ እንፋሎቱ ላይ ተደፋሁ። ውጭው ራሱ ምድጃ በሆነበት ከተማ ብርድ ልብስ ውስጥ እንፋሎት መታጠን ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም፤ ብቻ ስወጣ ጉንፋኑም እኔም ተሸንፈን ነበር። ማስነጠሱ ቆመ። ዳንኩ ብዬ ደስ አለኝ።

እሑድ ቀን እትዬ አስካለ ለሠራተኞቻቸው ዶሮ ወጥ ሠሩ። በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት፤ ይህን አስምሩበት። አንድ ጎረስኩ፣ ሁለት ጎረስኩ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ የተነከረ ጨርቅ የጎረስኩ መሰለኝ። ዙሪያዬን ባይ ሁሉም ጣቱን ይልሳል። እኔም በቅንነት፣ ለሆቴሉ ስም በማሰብ፣ ሽንኩርቱም ቅቤውም ሳይረሳ አልቀረም መሰለኝ ብዬ ተናገርኩ። እትዬ አስካለ ከኔው ፊት ቆርሰው ቀመሱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ፣ ከዚያ አዩኝ። ምንም አላሉም። እትዬ አስካለ ዝም ሲሉ ቁጣቸው ይሻላል።

ተነስቼ ወደ ኩሽና ሄድኩና ነጭ ሽንኩርት ፈልጬ አፍንጫዬ ስር ያዝኩ። ምንም። ወደ ጄነሬተሩ ሄጄ የናፍጣ ጀሪካን ከፍቼ እስከ ጉሮሮዬ ሳብኩ። ምንም። ዓይኔ ውሃ አቀረረ እንጂ አፍንጫዬ ጉዳዩም አልነበረም። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚለው ተረት ለድብድብ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ክሊኒክ ተመለስኩ። አንድ ረጋ ያለ ሐኪም አገኘኝና ጉንፋኑን ያመጣው ቫይረስ የማሽተቻ ነርቭህን ጎድቶት ሊሆን ይችላል አለኝ። በሳምንታት ሊመለስ ይችላል፣ በወራትም ሊመለስ ይችላል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ይቆያል። መድኃኒቱ ምንድነው ብዬ ብጠይቀው ትዕግሥት ነው አለኝ። ትዕግሥት ጁባ ውስጥ በየትኛው ሱቅ እንደሚገኝ አልነገረኝም። እኔም ለማንም አልነገርኩም። አፍንጫ የሌለው የጄነሬተር ሠራተኛ ዓይን እንደሌለው ሾፌር ነዋ።

እዚህ ላይ ስለ ቤቴ ትንሽ ላውራ። የምኖረው ሃይ ማላካል የሚባል የጁባ ሰፈር ውስጥ፣ ባባ ላዶ የሚባሉ የባሪ ጎሳ ሽማግሌ ግቢ በተከራየኋት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበር። ባባ ላዶ ቀኑን ሙሉ ዛፋቸው ስር ፒፓቸውን እያጨሱ የሚውሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ከእኔ ክፍል ቀጥላ ኛማል ትኖራለች። ኛማል የኑዌር ልጅ ናት፤ በስደት ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ሰላም ሲሆን ወደ አገሯ የተመለሰች፣ ቀን ቀን አንድ ቢሮ ውስጥ በአስተርጓሚነት የምትሠራ ሴት። የአራዳ አማርኛዋ ከኔ ይበልጣል። ከሁለቱም ጋር የነበረኝ ነገር ሰላምታ ብቻ ነው። ጠዋት እንዴት አደራችሁ፣ ማታ እንዴት ዋላችሁ፤ ከዚያ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። ኩራት አልነበረም። ሰው አገር ላይ ከሰው ጋር መላመድ መለያየትን ማዘጋጀት ነው የሚል ፍልስፍና ነበረኝ። ፍልስፍናው ጥሩ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ግን አያጠጣም።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? አፍንጫዬ ሲሄድ ነው እነዚህን ሰዎች ሳላውቀው ስጠይቃቸው እንደኖርኩ የገባኝ። ማታ ተጋድሜ የኛማል ሽንኩርት ሲጠበስ በቆርቆሮው ስንጥቅ ይመጣ ነበር፤ ገባች ማለት ነው እላለሁ። የባባ ላዶ ትምባሆ ይመጣል፤ ሽማግሌው ገና አልተኙም እላለሁ። ዝናብ ሊመጣ ሲል የአፈሩ ሽታ፣ ዓርብ ዓርብ የልብስ ሳሙና ሽታ። በሬን ዘግቼ ማዕዳቸው ላይ በአፍንጫዬ እቀርብ ነበር። አሁን ግን ድምፅ ይሰማኛል እንጂ ሰዎቹ የሉም። ሲነጋገሩ ሬዲዮ ከሩቅ የሚወራ ይመስለኛል። የራሴ አልጋ እንኳ የሌላ ሰው አልጋ መሰለኝ፤ ትራሴ ላይ የነበርኩት እኔ ጠፋሁ።

በዚያው ሰሞን ደሴ ያለችው እህቴ ደወለች። ያው የስልክ ነገር፣ ገና ሄሎ ሳልል፣ ምነው ሽታህ ጠፋ ብላ ወቀሰችኝ። ጠፍቷል አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እውነቱን ብነግራት፣ እናታችን በሌለችበት ቤት ብቻዋን ትጨነቃለች ብዬ ተውኩት።

ብቻውን ለሚኖር ሰው አፍንጫ ትልቅ ዘመድ ነው። ወተቱ ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም? ሸሚዙ አንድ ቀን ያስኬዳል ወይስ አያስኬድም? ሚስት ያለው ሚስቱን ይጠይቃል። እኔ ወተቴን በብርጭቆ ይዤ በቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል ከሃይ ማላካል ጀበል ድረስ ወስጄ ታምሩን አስሸተትኩት። ታምሩ የሆቴሉ አስተናጋጅ ነው፤ ጴንጤ ነው፣ ውሸት አይናገርም፣ ሰውም ማስቀየም አይወድም፤ እነዚህን ሁለቱን ይዞ አስተናጋጅ መሆን እንዴት እንደሚቻል እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ወተቱን አሽትቶ ደፋው። ታዲያ ደፍሬ ክንዴን አነሳሁና ሸሚዜንስ አልኩት። ታምሩ መሬት መሬት አየ። ጌታ የሚያየው ውስጥን ነው አለኝና ትዕዛዝ ሊቀበል ሄደ። ይህ መልስ ቀኑን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ዋለ።

ከዚያ ዋናው መዓት መጣ። ለጄነሬተሩ የሚሆነው ናፍጣና ለውሃ መሳቢያው የሚሆነው ቤንዚን ሁለቱም በቢጫ ጀሪካን ነው የሚቀመጡት። ምልክት የላቸውም፤ ምልክቱ አፍንጫዬ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ በልማድ አሸተት አድርጌ፣ ናፍጣ ነው ብዬ ለራሴ አረጋግጬ፣ ሙሉ ጀሪካን ቤንዚን ጄነሬተሩ ውስጥ ገለበጥኩ። ምንም ያልሸተተኝን ነገር ሸተተኝ ማለቴ ልማድ ምን ያህል ውሸታም እንደሆነ ያሳያችኋል። ሞተሩ ትንሽ እንደሄደ እንደ ሰካራም በር መደብደብ ጀመረ፤ ደበደበ፣ ደበደበ፣ ዝም አለ። ያን ጊዜ ሆቴሉ ውስጥ የነበረው ጸጥታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። መጀመሪያ የቆመው ቬንትሌተሩ ነው፤ ቀጥሎ ወሬው ቆመ፤ ቀጥሎ የእትዬ አስካለ ነጠላ ጫማ ወደ እኔ ሲመጣ ተሰማ።

ነዳጁን አፍስሶ፣ ፊልትሮውን አጥቦ፣ መካኒክ ጠርቶ ለማስነሳት ያ ቀንና ማግሥቱ አለፈ። ፍሪዘሮቹ አለቀሱ። ሥጋውና ዓሣው ቀለጠ። እትዬ አስካለ ለእንግዳ የማይሆነውን ለሠራተኛው አከፋፈሉ፤ ለእኔም፣ በዚያ ንዴታቸው መሐል፣ አንድ ደህና የአባይ ዓሣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። ሰጥተውኝ ሲያበቁ እውነቱን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እስካሁን ለምን አልተናገርክም አሉኝ። በል ሂድና እረፍ፣ አፍንጫህ ሲመጣ አብራችሁ ትመጣላችሁ አሉኝ። ሌላ ሰው ቢለው እስቅ ነበር።

ቤቴ ስገባ ሐፍረቱ ከራሴ በላይ ነበር። ፌስታሉን ከበሩ ኋላ ካለው ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ያ ምስማር የእኔ ቁም ሣጥን ነው። ሸሚዜን አውልቄ በላዩ ሰቀልኩ፣ በነጋታው ሌላ ሸሚዝ ደረብኩ፣ ሱሪ ጨመርኩ። ዓሣው ልብሴን ለብሶ ቀረ። እኔም ረሳሁት። እንዴት ይረሳል አትበሉኝ፤ የተባረረ ሰው ከስንብቱ ቃል በቀር ምን ያስታውሳል?

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ይሸሸኝ ጀመር። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ በረጅሙ ዘርግቶ ሰጠኝ። ቦዳቦዳ ላይ ብቀመጥ ነጂው ጥቂት ሄዶ ቆመና ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ብሎ አወረደኝ። የታምሩ መልስ ትዝ አለኝ። በቃ፣ የሚሸተው ገላዬ ነው ብዬ ደመደምኩ። ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ። ተመልሼ ያንኑ የምስማሩን ሸሚዝ ለበስኩ። ሽቶ ልግዛ ብዬ ገበያ ሄጄ ጠንካራውን ስጡኝ አልኩ፤ ሻጯ አንዴ እኔን አንዴ ብልቃጡን እያየች ሰጠችኝ። ለሙሽሪት የሚቀባ ሽቶ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ግማሹን አንገቴ ላይ፣ ግማሹን አልጋዬ ላይ አፈሰስኩት። አስቡት እንግዲህ፤ የበሰበሰ ዓሣ በሙሽራ ሽቶ። ግቢው ውስጥ ያለፈች ዶሮ እንኳ ዞራ ስትሄድ አየሁ።

ሲሸሹኝ ሸሸሁ። ሰው ከማስቸግር ብዬ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ቀኑን ተኝቼ እውላለሁ፣ ውሃና ዳቦ እቀማምሳለሁ፣ ሬዲዮ አልከፍትም። ዝንብ መብዛቱን አይቻለሁ፤ ግን ጁባ ውስጥ ዝንብ በዛ ብሎ የሚገረም ሰው የለም። ደግሞም ሌላ የሚጎበኘኝ ስላልነበረ እሽ አላልኳቸውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። በዝግታ ነው የተንኳኳው። ሽማግሌው ባባ ላዶ ናቸው። ልባቸው ሞልቶ ክፍሉን ልቀቅ ሊሉኝ መጡ ብዬ አሰብኩና ትንፋሼን ያዝኩ። ደግመው አንኳኩ። አልመለስኩም። ሰው ሲሰበሰብ፣ እግር ሲበዛ ይሰማኛል። ከዚያ በቆርቆሮው ማዶ በጁባ አረብኛ መነጋገር ጀመሩ፤ እኔም የምሰማውን ያህል ሰማሁ።

ባባ ላዶ ሽታው ከጀመረ ሰነበተ አሉ። ስንት ቀን ሆነ ሳናየው ብለው ጠየቁ። ኛማል ሰላምታ ከተለዋወጥን ቆየን አለች። አንድ የማላውቀው ድምፅ በሩን በብረት እንፈልቅቀው አለ። ባባ ላዶ ደግሞ ቆይ፣ መጀመሪያ ለወገኖቹ እንንገር አሉ። ያን ጊዜ ነው የሞትኩት እኔ መሆኔ የገባኝ።

ወዲያው መነሳት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ንገሩኝ፣ ከናንተ መካከል የራሱን ለቅሶ ሲሰማ ማን ትንሽ አይቆይም? እኔም ቆየሁ። ባልቆይ ይሻለኝ ነበር።

ባባ ላዶ፣ ለወገኖቹ ስትነግሪ ማን ሞተ ትያለሽ፣ ስሙ ማነው ብለው ኛማልን ጠየቋት። አላውቅም አለች። እኔ ጋሼ ነው የምለው አለች። አንቺ ቋንቋውን ታውቂ የለም ወይ አሏት። ባባ ላዶ ራሳቸው ሀበሻው ይሉኝ ነበር። ሚስት አለው ወይ፣ አላውቅም። አገሩ የት ነው፣ አላውቅም። የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው፣ አላውቅም። ኛማል በመጨረሻ ለራሷ እንደምትናገር ዝቅ ብላ በአማርኛ ተናገረች።

“በየቀኑ እንዴት አደርሽ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ስምህ ማነው ብዬ ብጠይቀው ምን ነበረበት?”

ለማታውቀው ሰው አለቀሰች። እኔ ደግሞ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ለማላውቃት ጎረቤቴ፣ ለዚያ ለማላውቀው ሟችም፣ አለቀስኩ። ብዙ ለቅሶ ቤት ሄጃለሁ፤ የሟቹን ስም የሚጠራ የጠፋበት ለቅሶ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ብረቱ በሩ ስር ሲገባ ተነስቼ ከፈትኩ።

ማንም አልጮኸም። ብረት የያዘው ሰውዬ ብረቱን ጣለና ሄደ፤ እስካሁንም አልተመለሰም። ኛማል አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ባባ ላዶ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። ከዚያ ከእኔ ትከሻ በላይ ወደ ክፍሉ ጨለማ እያዩ በጣም በእርጋታ ጠየቁኝ።

“አንተ ካልሞትክ፣ የሞተው ማነው?”

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ታያችሁ? ከሟችነት ወደ ገዳይነት በአንድ ጊዜ ተሻገርኩ። ማንም የለም ብል ማን ያምነኛል፤ ሽታው ይመሰክራል። ባባ ላዶ አፍንጫቸውን በሸሚዛቸው ሸፍነው ገቡ፣ አልጋዬ ስር አዩ፣ ሻንጣዬን አስከፈቱ። በመጨረሻ ኛማል በሩን መለስ አድርጋ የልብሱን ክምር አንድ በአንድ አነሳች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እነሱ ግን ዘንዶ ሲጎረጉሩ ዓሣ አወጡ። ፌስታሉን በእንጨት ጫፍ ይዛ ስታወጣው እኔ እዚያው ቆሜ ምንም አይሸተኝም ነበር። የሰዉን ፊት እያየሁ ነው የሽታውን ልክ ያወቅኩት።

የአፍንጫዬን ነገር ያኔ ነገርኳቸው። ኛማል ሳቀች፤ ሳቋ ከለቅሶዋ ጋር ተደባልቆ ነበር። ባባ ላዶ ዓሣውን ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት፤ መቃብሩ ላይ ድንጋይ አስቀመጡበት፤ ውሻ እንዳያወጣው ነው ቢሉም ለእኔ የተዘጋጀ ሥነ ሥርዓት በከንቱ እንዳይቀር ይመስለኛል። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ተመልሰው ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ኛማልም ደገመችው፤ በትክክል ነው የጠራችው።

ወሬው ጀበል ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የደረሰው ግን በሁለት ተከፍሎ ነው፤ መሞቴ ቀድሞ፣ መነሳቴ ዘግይቶ። በመሐሉ የታምሩ ጸሎት ቤት ለቤተሰቦቼ መጽናናት ጸልዮልኛል። እትዬ አስካለ በነጋታው ራሳቸው መጡ። ከደጅ ቆመው፣ አንድ ዓሣ ጠብሶ መብላት ያቃተው ሰው ብቻውን መተው የለበትም ብለው ተቆጡኝና ወደ ሥራዬ መለሱኝ። የቤንዚኑን ጀሪካን ቀይ ቀለም አስቀብተውት ነበር። ይህን ቀለም ቀደም ብሎ የሚያስብ ሰው በመሐላችን አለመኖሩ ይገርመኛል።

ከዚያ ወዲህ ኛማል ጠዋት ጠዋት ቢሮዋ ከመሄዷ በፊት የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ደጃፌ ላይ ትቀመጥ ጀመር። እኔም የኔን ብርጭቆ ይዤ ደፉ ላይ እቀመጣለሁ። የሻዬ ጣዕም አልነበረውም፤ ሙቀት ብቻ ነው። ስለ አዲስ አበባ ታወራለች፣ ስለ ታናሽ ወንድሟ ታወራለች፣ ዛሬስ ሸተተህ ትለኛለች። ገና ነው እላለሁ። ባባ ላዶም አንዳንድ ቀን ወንበራቸውን ወደኛ ይጎትታሉ። በጁባ ዘመኔ ሁሉ ከሰው ጋር ሻይ የጠጣሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያውም ሻዩ ሻይ ባልሆነበት ጊዜ።

ዝናቡ ሲገባ የኛማል ወንድም ሩቅ ሰሜን ማላካል ከተማ ሥራ አግኝቶላት ሄደች። ሻንጣዋን እስከ መኪናው ተሸከምኩላት። መንገድ ላይ፣ ሲመለስልህ ደውል አለችኝ። ክፍሏ ለጊዜው ተቆልፎ ቀረ።

አፍንጫዬ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራ ላይ ሆኜ የሞተሩ የጎማ ቺንጋ ሲጋይ ሸተተኝ። መጀመሪያ አላመንኩም፤ ጎንበስ ብዬ ስስበው እውነት ነው። እትዬ አስካለ ዘንድ ሮጬ፣ ጎማ እየተቃጠለ ነው አልኳቸው። እንዲህ ባለ ደስታ ስለ ቃጠሎ የተናገረ ሰው አይተው ስለማያውቁ መጀመሪያ ደነገጡ። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ቦዳቦዳው ላይ ተቀምጬ መንገዱን ሁሉ አሸተትኩ። የሚቃጠል ቆሻሻ፣ አቧራ፣ የተጠበሰ የፍየል ሥጋ፣ የነጂው ላብ። ሁሉም በስሱ፣ ከሩቅ፣ ግን ነበሩ። ነጂውን ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

ቤቴ ደርሼ በሬን ከፈትኩ፤ ከፍቼም ተመልሼ ወጣሁ።

ያ ዓሣ አልሄደም ነበር። ከግድግዳው እንጨት ውስጥ ገብቷል፣ ከፍራሹ ውስጥ ገብቷል፣ የተንጠባጠበበት የወለሉ አፈር ጠጥቶታል። የሙሽራው ሽቶም አብሮት አለ። ባባ ላዶ ወዳሉበት ዛፍ ሄድኩና፣ ይህ ቤት ይህን ያህል ጊዜ እንዲህ ይሸት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። አዎ አሉኝ። ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም አልኩ። እሳቸውም እንንገረው ብለው እንደነበር፣ ኛማል ግን እንደከለከለቻቸው ነገሩኝ።

“ተውት፣ ከነገርነው ደግሞ በሩን ይዘጋል አለች።”

ያን ሁሉ ጠዋት ትዝ አለኝ። ደጃፌ ላይ፣ ከዚያ ሽታ ፊት ለፊት፣ ሻይ ይዛ የተቀመጠችውን። አንድ ቀን እንኳ አፍንጫዋን ስትነካ አላየኋትም።

ደወልኩላት። መስመሩ ይንጫጫል። ማን ልበል አለች። ስሜን ነገርኳት።

“ውይ ጋሼ፣ አፍንጫህስ?”

“መጣ።”

“መጀመሪያ ምን ሸተተህ?”

ጎማውን ማለት ነበረብኝ። “ቤቴ” አልኳት።

መሳቅ ጀመረች፤ ስትስቅ ስትስቅ መስመሩ ተቋረጠ። ላመሰግናት ነበር የደወልኩት። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልያዝ አለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ከተቆለፈው ክፍሏ ፊት ለፊት ቆየሁ። በቆርቆሮው ስንጥቅ የሚመጣ የሽንኩርት ሽታ አልነበረም።

ከዚያ ፍራሹን ወደ ውጭ ጎተትኩ፤ ባልዲና ሳሙና ይዤ ግድግዳውን መፈግፈግ፣ ያንን የወለል አፈር መጫር ጀመርኩ። ጨርሼ ስቆም ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ገብቼ አሸተትኩ፤ ደህና ነው። ጽዳቱን ለማወቅ አሁን ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። ቢሆንም ባባ ላዶን ጠርቼ፣ እስቲ ግቡና አሽትቱልኝ አልኳቸው።